«ጴንጤ የነበረ ተመልሶ ይሁዲ አይሆንም» ለሚሉን

በየለቅሶው ቤት፣ በየሠርጉ አዳራሽ፣ በሰንበትም ከጸሎት በኋላ በየቤተ ጸሎቱ ደጃፍ የሚነገር አንድ ነገር አለ። «እነዚህ ሰዎች ጴንጤ ነበሩ፤ አንዴ ሃሌ ሉያ ያለ አፍ ተመልሶ ይሁዲ አይሆንም» ይባላል። የሚናገረው ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝቅ የሚያደርገው ግን የሚታማው ሰው ሊሰማው በሚችለው ልክ ነው። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ለዚህ አባባል መልስ ለመስጠት ነው። ከእኛ መካከል አያቶቻቸው ከሃይማኖታቸው ንቅንቅ ሳይሉ የኖሩ አሉ። አያቶቻቸው በሚሲዮን የተወሰዱባቸው አሉ። ራሳቸው ጎንደር ወይም አዲስ አበባ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ቆመው የዘመሩ፣ በኋላም ወጥተው ወደ እስራኤል ሃይማኖት የተመለሱ አሉ። ስለዚህ የምናወራው ስለ ራሳችን ቤት ነው።

የሚያስገርመው ይህንኑ አባባል ከሌላም ወገን መስማታችን ነው። አንድ ሰው ከጴንጤ ጉባኤ ሲወጣ ፓስተሩና ሽማግሌዎቹ ቤቱ ድረስ መጥተው «የትም ብትሄድ የጌታ ነህ፣ እርሱ አይለቅህም» ይሉታል። የእኛ ሐሜተኛ ደግሞ «አንተ የእነርሱ ነህ፣ አይለቅህም» ይለዋል። ፓስተሩና ሐሜተኛው ተገናኝተው አያውቁም፤ ቢገናኙም ሰላምታ አይሰጣጡም። በዚህ ነገር ግን አንድ አፍ ሆነዋል። ሐሜተኛው ለእስራኤል ሃይማኖት የቆመ ይመስለዋል፤ ሥራው ግን የፓስተሩ ሥራ ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዘመኑን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን። በ1809 በአይሁድ መካከል ክርስትናን ለማስፋፋት ለንደን ላይ አንድ ማኅበር ተቋቋመ። ይህ ማኅበር በ1860 ሄንሪ አሮን ስተርን የሚባል ሰው ወደ ጎንደር አገር ላከ። ስተርን ራሱ ጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ክርስትናን የተቀበለ ሰው ነበር። ከእርሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ኢትዮጵያ የገባው ዮሐን ማርቲን ፍላድም ከዚሁ ማኅበር ጋር ሠርቷል። ደምቢያ ውስጥ ጀንዳ ላይ ተቀመጡ። አፄ ቴዎድሮስ ፈቃድ የሰጧቸው በአንድ ግዴታ ነው፤ ይኸውም የሚያሳምኑት ሰው ሁሉ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ስብከቱን ከፕሮቴስታንት ሰምተው ውሃውን ከኦርቶዶክስ ቄስ ተቀበሉ።

ሚሲዮኖቹ ይዘው የመጡት መጽሐፍ ነው፣ ያውም በአማርኛ። ቄሶቻችን ኦሪትን በግዕዝ ያነቡ ነበር፤ ሕዝቡ ዜማውን ይሰማል፣ ይሰግዳል፣ ቃሉን ግን ሁሉም አይተረጉመውም። ሚሲዮኖቹ በዚች ክፍተት ገቡ። በመሥዋዕታችን ላይ፣ በመነኮሳቶቻችን ላይ ተከራከሩ፤ «መጽሐፉን አንብባችሁ ራሳችሁ ፍረዱ» አሉ። ማንበብ የተጠማ ወጣት ሄደ። በ1862 አባ መሐሪ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ሲነሡ፣ ሚሲዮን በሕዝቡ ላይ ያመጣው ጭንቀት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ሕዝቡ በመንገድ በረሃብና በበሽታ አለቀ፤ የተረፈው ተመለሰ። ቀጥሎ ከ1888 እስከ 1892 የነበረው ክፉ ቀን መጣ፤ ከብቱ በበሽታ፣ ሰዉ በረሃብ ረገፈ። ርስት የሌለው፣ በሰው መሬት ጭሰኛ ሆኖ የሚኖር፣ ቡዳ እየተባለ የሚፈራ ሕዝብ በእንደዚህ ያለ ዓመት ምን አማራጭ እንደ ነበረው፣ ዛሬ ጠግበን የምንፈርድ ሰዎች ልናስብበት ይገባል። በረሃብ የተጠመቀ አለ። መሬት ለማግኘት የተጠመቀ አለ። ለትምህርት የሄደ አለ። ከልቡ ያመነም አለ። ሁሉን በአንድ ስም «ከሐዲ» ብሎ መዝጋት ታሪክ አለማወቅ ነው።

ታምራት አማኑኤልን የማያከብር ቤተ እስራኤል አለ? በ1923 ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች አዲስ አበባ ላይ የአይሁድ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ያስተዳደሩት እርሳቸው ናቸው። ልጆቻችንን ዕብራይስጥ ያስተማሩ፣ ስለ ሕዝባችን የጻፉና የተሟገቱ ሊቅ ናቸው። ታምራት ከተጠመቀ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ፋይትሎቪች ያገኟቸው አስመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማሩ ነው። ከዚያ ወስደው አውሮፓ አስተማሯቸው። ያኔ በር ላይ የቆመ ሐሜተኛ «ይህ የሚሲዮን ልጅ ነው፣ አይመለስም» ብሎ ቢመልሳቸው ኖሮ የመጀመሪያውን የትምህርት ቤታችንን ዳይሬክተር አጥተን ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የተጠመቁት ቤተሰቦች በአገራቸው ክርስቲያን ጎረቤት ዘንድ ክርስቲያን ሆነው አልተቆጠሩም። ፈላሻ መባላቸው አልቀረም፤ ቡዳ መባላቸው አልቀረም፤ ጎረቤቱ ልጁን አልዳረላቸውም። ስለዚህ ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው ተጋቡ፣ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። እዚያ ተጠምቀው ፈላሻ ተባሉ፤ እዚህ ተመልሰው ክርስቲያን ይባላሉ። የትኛው አገር ሄደው ነው ስማቸውን የሚያገኙት?

አንዳንዶች «ማራኖ» ይሏቸዋል። ቃሉን የሚወረውሩት ሰዎች ምን ማለት እንደ ሆነ ቢያውቁ ያፍሩ ነበር። የስፓኝ ክርስቲያኖች በግድ ያጠመቋቸውን አይሁድ የሰደቡበት ስም ነው፤ ትርጉሙም እሪያ ማለት ነው። ይሁዲ ነኝ የሚል ሰው ሌላውን በጠላቶቹ ቋንቋ እሪያ ብሎ ይሰድባል!

ይህ የአያቶች ነገር ነው። የጴንጤው ነገር ደግሞ ቅርብ ነው፤ በመካከላችን ያለውም ቁስል ይበልጡን ከእርሱ ነው። በንጉሡም በደርግም ዘመን ይታሰርና ይሰደድ የነበረው የጴንጤ እንቅስቃሴ ከ1991 በኋላ በኢትዮጵያ በነፃነት ተስፋፋ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ሲመጡ ዘረ እስራኤል ተብለው የተጠሩት ቤተሰቦች አዲስ አበባ ቀሩ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባና ጎንደር ላይ መጠበቅ ተጀመረ። የመንግሥት ውሳኔ በ1990ዎቹ፣ በ2003፣ በ2010፣ በ2015፣ በ2021 እየተለዋወጠ መጣ፤ አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። የሚጠብቀው ሰው መሬቱንና ከብቱን ሸጦ ከገጠር ወጥቷል፤ ተመልሶ እንዳይገባ ቀዬው የለም። አብዛኛው በግቢው ቤተ ጸሎት ሥርዓቱን ጠብቆ፣ ኪፓውን አድርጎ፣ ሰንበቱን አክብሮ ኖረ። ነገር ግን አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት ጠብቆ ስሙ ከዝርዝር ውስጥ ያልተገኘ ወጣት፣ በሩ አጠገብ ባለው አዳራሽ ከበሮና ጊታር ሲሰማ፣ ገብቶም «ወንድሜ እንኳን መጣህ» ሲባል ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ዝርዝር የሚያወጣው ክፍል ስሙን አያውቀውም፤ መዘምራኑ ግን ስሙን ጠርተው ጸለዩለት።

ስለዚህ እዚያ ያገኙትን ነገር ከንቱ ነው ብለን አንዋሽም። ሲታመሙ ተጠይቀዋል። የቤት ኪራይ ሲጎድል ተዋጥቶላቸዋል። ቤተሰብ ያልነበራት ልጅ «እህት» ተብላለች። ይህን የማይናገር ሰው ስለ መውጣት ሊያስተምር አይችልም፤ መውጣት ለምን እንደሚያም አያውቅምና።

መውጣት ያማል። ሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው «ምን አለበት፣ እሑድን ትቶ ቅዳሜን መያዝ ነው» ይላል። እሑድን መተው ቀላሉ ነው፤ ከባዱ ሌሊት ነው። ሰውየው ለዓመታት «ከጌታ የወጣ ገሃነም ይገባል፣ የወጣለት ርኩስ መንፈስ ሰባት ሆኖ ይመለስበታል» ሲባል ኖሯል። ከወጣ በኋላ ልጁ ቢታመም «መጣብኝ» ይላል። ከሥራ ቢባረር «መጣብኝ» ይላል። በአእምሮው ያላመነውን ነገር በአንጀቱ ይፈራዋል። ይህ ፍርሃት በጊዩር ትምህርት አይለቅም፤ ስለ ካሽሩት በመማርም አይለቅም። የሚለቀው ቀስ በቀስ፣ በዓመታት፣ ሌላ ሰው «እኔም እንደዚህ ነበርኩ፣ ልጄ ታሞ ነበር፣ ዳነ፤ ምንም አልመጣብኝም» ሲለው ነው።

መዝሙሩም አለ። ሴትዮዋ ዕቃ ስታጥብ ሳታስበው ታንጎራጉራለች፤ ልጇ «እማ፣ ይህ ምን ዘፈን ነው?» ሲላት ውሃውን ዘግታ ዝም ትላለች። «ተባረክ» ከአፏ ያመልጣታል፤ ወዲያው ጎረቤት ሰማ አልሰማ ብላ ዙሪያዋን ታያለች። ሰው ሲያስነጥስ ምን ማለት እንዳለባት ታስባለች። ቋንቋዋ የእሾህ አጥር ሆኖባታል። እንዲህ ያለች ሴት ሐዘን ላይ ናት፤ ጓደኞቿን፣ ዜማዋን፣ የተስፋዋን ቃላት በአንድ ጊዜ ቀብራለች። ይሁን እንጂ ለዚህ ሐዘን ድንኳን የለም፣ ንፍሮ የለም፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ የሚመጣ የለም። የሚመጣው ጠያቂ ነው፤ እርሱም ሊያጣራ ነው የሚመጣው።

ወንጌላውያኑን የምንከስበት ነገር አለ፤ ክሳችንን በሐሜት ሳይሆን በግልጽ እንናገራለን። ለተራበ ልጅ ዳቦ መስጠት ጽድቅ ነው፤ የዳቦውን ዋጋ የአያቱ ሃይማኖት ማድረግ ግን ነውር ነው። የቄሶቻችንን ጸሎት «የሞተ ሕግ» ብለው አስተማሩ። ለሙታናችን የምናወጣውን ተዝካር «የአጋንንት ማዕድ ነው፣ አትቅረቡ» አሉ፤ በዚህም ልጅ ከአባቱ ተዝካር ቀርቶ ከወንድሞቹ ጋር ተቆራረጠ። ከዛር አላቀቅናችሁ ብለው በያንዳንዱ ራስ ምታት ውስጥ ሰይጣን አስገቡ። ከእኛ መካከል «ተፈውሰሃል፣ መድኃኒቱን ጣል» የተባለ አለ፤ ጥሎም ለሞት ደርሶ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን አንድን ሕዝብ ሰባት ቤት ቆጥሮ በመጣበት ዘር እንዲያፍር ማድረግ ነው። «አሮጌው ሰው» አሉት። አሮጌው ሰው አያቱ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ወገን እንመለስ። አንዳንድ አስተማሪዎች የተመለሰውን ሰው «ያለፈውን ቆርጠህ ጣል፤ እናትህ የሄደችበት ሁሉ ጣዖት ነው በል» ይሉታል። አስተሳሰቡ ከዚያኛው በምን ይለያል? ፓስተሩም «አያትህ የሄደችበት ሁሉ ጨለማ ነው በል» ብሎት ነበር። በሁለት ጉባኤ ሁለት ጊዜ ዘመዱን እንዲረግም የተጠየቀ ሰው አይድንም፤ መደበቅ ይለምዳል እንጂ። መደበቁን ደግሞ ያውቅበታል፤ እዚያ ሳለ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ከአጣሪው ይደብቅ ነበር፣ ከወንጌላውያኑ ደግሞ ወደ ቤተ ጸሎት መሄዱን ይደብቅ ነበር። ለሁለት የተከፈለ ሰው ማለት ይህ ነው። የምንፈልገው አንድ ሰው ሆኖ እንዲኖር ነው። ለዚህም እውነቱን ያለ ቅጣት የሚናገርበት ቤት ያስፈልገዋል።

ስለ ቃላት አንድ ነገር እንናገር፤ ትንሽ ነገር ቢመስልም ትንሽ አይደለም። በጊዩር መጨረሻ ሰው ወደ ሚቅዌ ይወርዳል። አንድ ጊዜ አስተርጓሚው ይህን ሲያስረዳ «በመጨረሻ ትጠመቃላችሁ» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት እናት «ደግሞ ልጠመቅ ነው? ከመጠመቅ ሸሽቼ አይደለም እንዴ የመጣሁት!» ብለው ተነሥተው ወጡ። አስተርጓሚው ክፋት አልነበረውም፤ ያገኘውን ቃል ነው የተናገረው። ነገር ግን ቋንቋችን ለዚህ ድሃ አይደለም። እናቶቻችን ከደም ጎጆ ሲወጡ ወንዝ ወርደው ይነጹ ነበር፤ ማንም «ተጠመቁ» አላላቸውም። መንጻት አለ፤ ውሃ መውረድ አለ። ይህን ለእያንዳንዱ ተመላሽ «የሴት አያትሽ ወንዝ ወርዳ እንደ ነጻችው ነው» ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ያኔ ሴትዮዋ ወደ ውሃው የምትወርደው በአያቷ መንገድ ነው። አስተርጓሚዎች፣ መምህራን፣ እባካችሁ፣ ጥምቀት የሚለውን ቃል ለዚህ ነገር አትጠቀሙበት።

ነባር ወገኖቻችን ደግሞ 1985ን አይርሱ። በዚያ ዓመት ኢየሩሳሌም ላይ ከዋናው ራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል የተቀመጡት፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም ደጅ ያደሩት ለምን ነበር? «ይሁዲነታችሁ ያጠራጥራል፣ ውሃ ውረዱ» በመባላቸው ነበር። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ነው ብለው ከወሰኑ በኋላ እንኳ ይህ ጥርጣሬ አልቀረልንም። ጥርጣሬ እንዴት እንደሚያቃጥል ያወቀ ሕዝብ ያንኑ እሳት ወስዶ በታናሽ ወንድሙ ላይ ማንደድ አለበት? በእርግጥ ሕጉ የተለየ ነው። በ1970 የተሻሻለው የመመለስ ሕግ በፈቃዱ ሃይማኖቱን የለወጠን ሰው አያካትትም፤ በዚህም ምክንያት ከዘረ እስራኤል ብዙዎች በመግቢያ ሕግ ገብተው በጊዩር በኩል ያልፋሉ። መንግሥት የራሱን ሕግ ይጠይቅ፤ ዳኛውም ይዳኝ። ጊዩሩን ጨርሶ የወጣን ሰው ግን እንደገና የሚዳኝ ጎረቤት ማን ሾመው? ተመላሹን ያለፈ ታሪኩን እያነሡ ማሳፈር በራሱ በአይሁድ ሕግ ክልክል ነው። ራምባም በ12ኛው መቶ ዘመን በግድ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ስለ ተደረጉ አይሁድ በጻፉት ደብዳቤ፣ የደከሙትን ማራቅና መናቅ እንደማይገባ፣ ማቅረብ እንደሚገባ አስተምረዋል። ከራምባም የበለጠ ጥብቅ ነኝ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረን።

የተከበሩ ቄሶቻችንንም በአክብሮት እንጠይቃለን። ከእናንተ አንዳንዶቹ የተመለሱትን በፍቅር ተቀብላችኋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ጠርጥራችኋል። ጥርጣሬያችሁ ከየት እንደ መጣ እናውቃለን፤ ሚሲዮኖች ከአባቶቻችሁ ጋር ተከራክረዋል፤ ወንድም ከወንድሙ ተለይቷል፤ እህል ሳይቀር ለብቻ ተበልቷል። ነገር ግን የተመለሰው ሰው ራባኑት ያስተማረውን ጸሎት ብቻ ይዞ ቢቀር የአያቱን የሃይማኖት ድምፅ ከማን ይሰማል? ስግድ በ2008 በክኔሴት ሕግ የአገር በዓል ሆኗል፤ ተመላሹ ግን በዚያ ቀን ጃንጥላውን ከሩቅ ሲያይ ይውላል፤ መቅረብ ይፈራል። በግዕዝ የሚጸለየው ጸሎት ለእርሱም አባት ተጸልዮለት ነበር። ከፊት ቁሙ በሉት። ጴንጤው መዝሙር የያዘበትን የልቡን ቦታ የሚሞላ ዜማ ያላችሁ እናንተ ናችሁ፤ በመጽሐፍ ተጽፎ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ሚሲዮን እዚህም አለ። ይህን መደበቅ አንፈልግም። አማርኛ የሚናገሩ ሰባኪዎች አሉ፤ ምግብ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ «ኢየሱስንም ይዘህ ይሁዲ መሆን ትችላለህ» የሚሉ አሉ። አንዳንድ ወጣቶቻችን በቁጣ ተነሥተው «በራቸውን እንስበር» ይላሉ። አንስበርም። ሰው ባመነበት መንገድ የመሄድ መብት አለው፤ እኛም የወጣነው በዚሁ መብት ነው። የአገሩ ሕግ ግን በ1977 ድንበር አስቀምጧል፤ ሰው ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም የሚሰጥ እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ችግሩ የሚቀበለውም እስከ ሦስት ዓመት እንደሚቀጣ ሕጉ መናገሩ ነው። ስለዚህ የቸገራት እናት አንድ ከረጢት ዱቄትና ዘይት ተቀብላ ከሆነ በኋላ ምን እንደ ጠየቋት ለማንም አትናገርም፤ እርሷም ተከሳሽ ልትሆን ነውና። ተቀባዩን የሚያስፈራ ሕግ ሰጪውን ይሸሽጋል። የሕግ ሰዎቻችን ይህን ነገር ማንሣት አለባቸው።

እስከዚያው ግን ሰባኪው ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ሰንበት ማታ ማንም ወዳላንኳኳበት ቤት ነው። ከመርካዝ ክሊታ ወጥቶ በማያውቀው ከተማ አራተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ፣ ጎረቤቱ ዕብራይስጥ የሚናገር፣ ወገኑ ደግሞ «ፈላሽሙራ ናቸው» ብሎ የራቀው። እዚያ በር ላይ «ወንድሜ» ብሎ በአማርኛ የመጀመሪያ የሚያንኳኳ ሁሉ ይከፈትለታል። ቀድመን ብናንኳኳ ምን ነበረበት?

በቤተሰብ ውስጥ ያለው መለያየት ደግሞ ብዙ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ነው። ልጆች ተመልሰው እናት በቤተ ክርስቲያኗ የቀረችበት ቤት አለ። ባል ተመልሶ ሚስት ያመነታችበት ቤት አለ። አንዳንዶች «እናቴ ጋ አልሄድም፣ ቤቷ አይፈቀድም» ብለው ቆርጠዋል። እኛ እንዲህ እንላለን፦ አባቶቻችን በክርስቲያን ጎረቤት መካከል ሲኖሩ ሥጋው ተለይቶ ነበር፤ ሰላምታው ግን አልተለየም። የእናትህ ሥጋ ካልተፈቀደልህ ፍራፍሬ ይዘህ ሂድ፣ ቡናዋን ጠጣ፣ ጉልበቷን ሳም። «ጌታ ይባርክህ» ብትልህ «አሜን» በል፤ የባረከችህ እናትህ ናት፤ ወደ ክርክር አትግባ። የአባትህ ተዝካር ሲደርስ ሂድ፤ ትናንት ከተዝካር ያስቀረህ ሰባኪ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ የሚያስቀርህ ማንም መኖር የለበትም። ከዘመዶችህ ጋር አንድ ቀን ተቀምጦ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ መስማት ብዙ ትምህርት ቤት የማይሰጠው ፈውስ ነው። ከእኛ አንዳንዱ ስሙን ያገኘው በተዝካር ቀን ነው፤ አንዲት አሮጊት «አንተማ የእገሌ የልጅ ልጅ ነህ፣ አያትህ ቄስ ነበሩ» ብላ ነገረችው።

ልጆችን በተመለከተ ጠንከር ብለን መናገር እንፈልጋለን። ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው ምንም አይነግሩም፤ ልጁ ነገሩን በትምህርት ቤት ግቢ በስድብ ይማረዋል። «ኖጽሪ» ይባላል፣ ማለትም ክርስቲያን። ወደ ቤት መጥቶ «እውነት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እናት ትቆጣዋለች፤ ልጁም እውነት መሆኑን በቁጣዋ ያውቀዋል። ቀድማችሁ ንገሩት። በስም ንገሩት፤ የትኛው ቅድመ አያት፣ የት አገር፣ በየትኛው ክፉ ዓመት፣ ለምን። ማን እንደ ተመለሰ፣ ማን እንደ ቀረ። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ረሃብ ምን እንደ ሆነ ሊገባው ይችላል። ሰባቱን ቤት ቆጥሮ በቃሉ የያዘ ልጅ ሲሰደብ የሚመልሰው ነገር አለው።

ሐኪም የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ሌሊት የማይተኛ፣ የሰይጣን ድምፅ እሰማለሁ የሚል፣ ከልጆቹ ጋር መነጋገር ያቃተው ሰው በጸሎት ብቻ ይዳን ማለት ደግሞ ያንኑ የጴንጤ መድኃኒት በሌላ ዕቃ መቅዳት ነው። በየኩፓት ሆሊሙ አማርኛ የሚያውቅ የሥነ ልቦና ሐኪም ጠይቁ፤ የለም ቢሏችሁ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ የማመልከቻውንም ግልባጭ ያዙ። በሌሎች ጉዳዮች ብዙ ማመልከቻ ስንጽፍ ኖረናል፤ ይህኛውን አፍረንበት ሳንጽፍ ቀርተናል።

የመጨረሻው ጉዳይ ስለ ንቅሳት ነው፤ ብዙ ሴቶች በቃል ጠይቀውናል። ብዙ እናቶቻችን በግንባራቸው ወይም በአንገታቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አላቸው። ከእነርሱ መካከል ተጠምቀው የማያውቁ፣ አባታቸውም አያታቸውም ያልተጠመቁ አሉ፤ በሕፃንነታቸው በክርስቲያን አገር እንደ ጎረቤት ልጅ የተነቀሱ ናቸው። በቅርቡ አንዲት እናት ቤተ ጸሎት በር ላይ በአንድ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ተብለው በጣት ግንባራቸውን ተነክተዋል። ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ አልሄዱም። ማስጠፋት የሚፈልጉ በሐኪም ያስጠፉ፤ የማይፈልጉ ይተዉት። በሩ ላይ ለሚቆመው ሰው ግን አንድ ነገር እንጠይቀዋለን። በሚመጣው ሰንበት እኒያን እናት ቤታቸው ሄዶ ይጥራቸው፤ ሲመጡም ከፊት ያስቀምጣቸው።